ምድጃው የሚቀዘቅዝበት ቀን

እርሾ የሚሉት ሰው ከኩሽናው በር ጀርባ መብላት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። በሩን ይዘጋል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል፤ ሚስቱ ያደቀቀችለትን በማንኪያ ጫፍ እየቆነጠረ ይበላል። ማንም አይጠራውም፤ ማንም አያንኳኳም። ሲጨርስ ሳህኑን ራሱ አጥቦ ይወጣል። ለማያውቀው ሰው ሲበላ ሳይሆን ሲጸልይ የቆየ ይመስላል።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ጫማውን አጥልቆ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ሳሎኑ መሐል ቆመ።

«ቁርስህ ቀርቧል» አለችው ሚስቱ።

«ዛሬ ምድጃው የሚቀዘቅዝበት ቀን ነው።»

«አውቃለሁ። ከጓደኞችህ ጋር ትዞራለህ። ግን በባዶ ሆድህ እንዳትዞር ብዬ ነው።»

«በባዶ ሆዴ ማን አለሽ? እበላለሁ።»

«ምን ትበላለህ?»

«የሚበሉትን።»

ሚስቱ የያዘችውን ፎጣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ሃያ ምናምን ዓመት ሌሊት የሚሠራ ባል ያገባች ሴት ናት፤ ብዙ ነገር ሳትጠይቅ መተው ለምዳለች። ይኼኛውን ግን መተው አልቻለችም። እሑድ የሴት ልጃቸው አማትና አማች ለምሳ ይመጣሉ። እርሾ ሰላም ብሏቸው ወደ ጓዳ እንደሚገባ ከተናገረ ሰንብቷል፤ ልጅቷም ሰምታ አንድ ቀን ሙሉ ሳታወራ ውላለች።

«ስሚ» አላት። «ዛሬ ሰው ፊት ተቀምጬ፣ ሰው የሚበላውን በልቼ ከመጣሁ፣ እሑድ ከእንግዶቹ ጋር ገበታ እቀርባለሁ። ካልሆነልኝ ግን ይኼን ነገር ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ። በሬን ዘግቼ እኖራለሁ።»

«አሁን ይኼን የምትዝተው በእኔ ላይ ነው?»

«በጉሮሮዬ ላይ ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች ሚስቱ፤ ሆኖም የኮቱን አንገት አስተካከለችለት።

የጣለው ስትሮክ ነበር። የግራ እጁና የግራ እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ እግሩ አሁንም ሲደክም መሬቱን ይጠርጋል እንጂ አያስቸግረውም። ጉሮሮው ግን ዘገየ። ውሃ ወደ ሳንባው መንገድ ይስታል፤ ፍርፋሪ መሐል ላይ ይቆማል። ሆስፒታሉ መዋጥን እንደ አዲስ የምታስተምር ባለሙያ መደበለት። በዚህ ዕድሜው እንደ ሕፃን ተማረ፦ ትንሽ ጉርሻ፣ በቀኝ በኩል ማኘክ፣ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ ማድረግ፣ መዋጥ፣ ባዶውን ደግሞ መዋጥ፣ ከዚያ መተንፈስ። አፍ ሙሉ ሆኖ መናገር ክልክል ነው። መሣቅማ ጭራሽ አይታሰብም።

ባለፈው ሳምንት ባለሙያዋ ደረቅ የተጠበሰ ዳቦ ሰጥታው እፊቷ በላው። በልቶ ሲጨርስ እንዲህ አለችው፦ «ከእንግዲህ ጉሮሮህን አታሳብብ። ቀስ ካልክ የማትበላው ነገር የለም። የቀረህ ሰው ፊት መብላት ነው።» ይህን ለሚስቱም ለጓደኞቹም አልነገረም። እሱ ራሱ አላመናትም ነበርና።

ዕድሜውን የጨረሰው በምድጃ አፍ ላይ ነው። ዳቦ ቤቱ ሌሊት ነቅቶ ቀን የሚተኛ ቤት ነበር። እርሾ ገና ጢም ሳያወጣ ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ገባ፤ ሊጥ ማቡካቱን ያዘ፤ በመጨረሻ ረጅሙን የእንጨት አካፋ ተረክቦ ምድጃው አፍ ላይ ቆመ። እሱ አንገቱን ሳይነቀንቅ አንድም ዳቦ ከዚያ ምድጃ አይወጣም ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት እርሾውን የሚጠብቀው እሱ ስለነበረ ነው፤ አንዳንዶች ደግሞ የገባበት ቤት ጨዋታው ኩፍ ስለሚል ነው ይላሉ።

በዓመት አንድ ቀን እሳቱ ይጠፋል። ግንበኛው ውስጥ ገብቶ ጡቦቹን እንዲፈትሽ ምድጃው ቀኑን ሙሉ መቀዝቀዝ አለበት። ታዲያ የሌሊት ሠራተኞቹ መሥራትም መተኛትም የማይችሉበት ቀን ሆነባቸው። ከተማውን የሚመግቡት እነሱ ሆነው፣ ከተማው ሲበላ ግን አይተውት አያውቁም። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ከአንዱ ምግብ ቤት ወደ ሌላው በእግር እየዞሩ የሰው እጅ መቅመስ ጀመሩ። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ነገር ብቻ ይበላል፤ ቤቱን በየተራ ይመርጣሉ። ከሁሉ በፊት ግን የቀረበውን ዳቦ ገልብጠው ሆዱን በጣት ያንኳኳሉ። የበሰለ ዳቦ እንደ ባዶ ሣጥን ይጮኻል። ያልበሰለው ዝም ይላል።

ዳቦ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ በቦታው ስልክ ይሸጥበታል። ልማዱ ግን አልፈረሰም። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ የቀሩት አራት ናቸው። አንዱ ሊጥ አቡኪው መዶሻ ነው፤ መዳፉ የሕፃን ትራስ ያህላል። ሌላው ሊጥ እየመዘነ ይቆርጥ የነበረው ሚዛን ነው፤ ለአንድ ግራም ከእናቱ ጋር ይጣላል ይባልለታል። ሦስተኛዋ ዳቦ ትሸጥበት የነበረውን ባንኮኒ ስም ይዛ የቀረችው ባንኮኒ ናት። አራተኛው እርሾ ነው፤ አምና አልጋ ላይ ስለነበረ እነሱም ሳይወጡ ቀሩ።

ሦስቱ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ጠበቁት።

«መጣህ?» አለው መዶሻ።

«ኧረ ኮፍያዬ ነው የመጣው።»

መዶሻ በቀኝ፣ ሚዛን በግራ ገብተው ሊደግፉት ሞከሩ።

«ወዴት ነው የምትወስዱኝ? ፖሊስ ጣቢያ?» አለ እርሾ፤ ሁለቱም እጃቸውን ሰበሰቡ።

የመጀመሪያው ቤት የባንኮኒ ምርጫ ነበር፤ ከአውቶቡሶቹ ግቢ ጀርባ ያለ፣ ሾፌሮች የሚያዘወትሩት ሾርባ ቤት። ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ላስቲክ በሙቅ ሳህን ብዛት ተኮማትሯል። እርሾ ከመቀመጡ በፊት ሕጉን አወጣ።

«ጣቴን ሳነሣ አፌ ሥራ ላይ ነው፤ ቀልድ ይቁም። ጣቴ ሲወርድ ቀጥሉ።»

«እንዲህ ያለ ሕግ እኔም ቤት አለ» አለ መዶሻ። «ጣቱ ግን የሚስቴ ነው፤ ወርዶም አያውቅ።»

የምስር ሾርባው መጣ። እርሾ ጣቱን አነሣ። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ሲወስድ ሾፌሮቹ ሁሉ የሚያዩት መሰለው፤ ቀና ሲል አንድም ያየው የለም። አገጩን ዝቅ አድርጎ ዋጠ። ባዶውን ደገመ። ጣቱ ወረደ።

«ድሮ እኮ የዚህ ቤት ሾርባ በቢላ የሚቆረጥ ካሮት ነበረው» አለ።

«ዘመኑ ነው» አለች ባንኮኒ ሳህኗን እያየች። «ሁሉ ነገር ይፈጫል።»

ሾርባው ያለ አንዳች ችግር ወረደ። እርሾ ከዚያ ቤት ሲወጣ ደረቱን ነፍቶ ነበር። የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ በጥላው በኩል ተከተሉ። የመኪና ጎማ የሚጠግኑት ጋ ሲደርሱ የእግረኛ መንገዱ አለቀና በአንድ ረድፍ ሄዱ፤ መዶሻ ከፊት እየመራ ለመኪናዎቹ እጁን ይዘረጋል። እርሾ ሁለት ጊዜ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አረፈ። ሁለቱንም ጊዜ ሚዛን ከእሱ ቀድሞ «ደከመኝ» አለ።

ሁለተኛው ቤት የመዶሻ ነበር፤ ከጨርቅ መደብሮቹ በላይ፣ በጠባብ ደረጃ የሚወጣ። ድንችና እንቁላል አዘዘ። የመጣው የተፈጨ ድንችና ገና ያልረጋ እንቁላል ነው።

«እንግዲህ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ ሚዛን፣ ለማደፋፈር።

«ይኼኛው አይሄድም፤ ይፈሳል» አለ እርሾ። ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ አየ። እዚያ ያሉት ሁለት ሰዎች ጠርዙ ቡናማ የሆነ የተጠበሰ ድንች ይቆረጥማሉ። አስተናጋጁን ቀና ብሎ ሲያየው፣ አስተናጋጁ የተጠራ መስሎ ወደ ኩሽና ገባ። እርሾ የቀረበለትን በላ፤ የጠዋቱ ኩራት ግን ጠፍቷል።

ሦስተኛው የሚዛን ምርጫ፣ ከገበያው ጠርዝ ያለ በቆርቆሮ የተከለለ ትንሽ ቤት ነበር። ወጥ ከማዘዛቸው በፊት ዳቦ ቀረበ። እርሾ እንደ ልማዱ አንሥቶ ገለበጠው። መልኩ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። በጣቱ አንኳኳ። የሰማው ድምፅ የጠገበ ሰው ሆድ ነው።

ሊመልሰው ሲል የዳቦውን መጋጠሚያ አየ። ሊጥ ተድቦልቡሎ ሲዘጋ ከበታቹ ስፌት ይቀራል፤ በዚህኛው ስፌት ጫፍ ላይ ሰፊ አውራ ጣት ወደ ግራ ዘንበል ብሎ የተጫነበት ጎድጓዳ ምልክት አለ። እርሾ ያንን አውራ ጣት ዕድሜ ልኩን ሲያየው ኖሯል።

«መዶሻ።»

«አቤት።»

«ዛሬ ጎሕ ሲቀድ የት ነበርክ?»

መዶሻ ሚዛንን አየ። ሚዛን ባንኮኒን አየ። ባንኮኒ ጣሪያውን አየች።

«አልጋዬ ላይ» አለ መዶሻ።

«አልጋህ ላይ ሊጥ ታቦካለህ?»

በመጨረሻ የተናገረችው ባንኮኒ ናት፤ ደንበኛ ሲቆጣ መልስ መስጠት ሥራዋ ነበርና። በየቤቱ አስቀድመው ዞረው ለስላሳ ለስላሳው እንዲሠራ ለምነዋል። ዳቦውን ግን ለማንም አላመኑም። ከአንድ የድሮ ወዳጅ ዳቦ ቤት ገብተው ራሳቸው በወተትና በዘይት አቡክተው፣ ቅርፊት ሳያወጣ አውጥተው፣ ለየቤቱ አድለውታል።

«ከምድጃው ማን አወጣው?» አለ እርሾ።

«እኔ» አለ ሚዛን።

«እኔ ሳልነቀንቅ?»

«አንተ ብትኖርማ አታስወጣንም ነበር።»

«እንዴት አስወጣችኋለሁ? የታመመ ዳቦ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ይኼ ገና የተረገዘ ነው። ምድጃ አፍ ላይ ላረጀ ሰው ጥሬ ሊጥ ታቀርቡለታላችሁ? እኔ ጉሮሮዬን እንጂ ዓይኔን አላመመኝም።»

«ቢያንቅህስ?» አለ ሚዛን፤ ድምፁ ከፍ ብሏል።

«ቢያንቀኝ የምታነቀው እኔ ነኝ። አንተ ምን ቤት ነህ?»

«አጠገብህ የነበርኩት ነኝ» አለ ሚዛን። «ሆስፒታል አንዲት ጉንጭ ውሃ ጠጥተህ የሆንከውን ያየሁት እኔ ነኝ። ፊትህ ሲጠቁር አንተ አላየኸውም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ውሃ ስጠጣ አየዋለሁ።»

እርሾ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ባለሙያዋ ያለችውን ነገራቸው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?» አለች ባንኮኒ።

«አላመንኳትማ። ዛሬ ላምናት ነበር የወጣሁት። እናንተ ደግሞ እንዳላምናት ስትጋግሩ አደራችሁ።» ለሚስቱ የገባውን ቃልም ጨመረላቸው።

ባንኮኒ ፊቷ በራ። «እንግዲያማ አልቋል። ሰው የሚበላውን ነው ያልካት? እኛም እኮ ከጠዋት ጀምሮ የበላነው ያንኑ ነው። የበላነውን በልተሃል፤ ቃልህ ደርሷል። ተነሥ ወደ ቤትህ።»

መዶሻም ሚዛንም ይህን ሲሰሙ ትንፋሻቸው ተመለሰ። እውነትም መንገድ ነበር። እርሾ ወደ ቤቱ ሊሄድ፣ በላሁ ሊል፣ ሚስቱም ልታምነው ትችል ነበር። እሑድ ግን ገበታው ላይ የሚቀርበው የሚበስለው ለእንግዶቹ ነው፤ ማንም ቀድሞ ዞሮ አይለምንለትም።

«እስካሁን የበላሁት አይቆጠርም» አለ። «ተነሡ። ቀጣዩ ተራ የእኔ ነው።»

ከዚያ ቤት ሲወጡ ጥላው ረዝሟል። እርሾ የት እንደሚሄድ አልተናገረም፤ ራሱም አያውቀውም። የሚያውቋቸውን ቤቶች በራፍ ሁሉ አለፈ። እግሩ መሬቱን መጥረግ ጀምሯል። አንድ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ቀና አደረገ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንዳቸውም ረግጠውት ወደማያውቁት ዳቦ ቤት ገባ። በመስኮቱ በኩል ጥቂት ጠረጴዛዎች አሉ። መደርደሪያው ላይ ገና ከምድጃ የወጡ ዳቦዎች ሲቀዘቅዙ ቅርፊታቸው ጥቃቅን ድምፅ እያሰማ ይሰነጣጠቃል። አራቱም ቆመው አዳመጡት።

እርሾ አንዱን ገልብጦ አንኳኳ። ሣጥኑ ጮኸ።

«ይኼን» አላት የምትሸጠዋን ልጅ። «ከሻይ ጋር።»

ልጅቷ ኮፍያውንና እግሩን አየች። «አባባ፣ ከመሐሉ ልቁረጥልዎ? ለስለስ ይላል።»

«ጫፉን ቁረጪልኝ።»

ሚዛን አጠገቡ ተቀመጠ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀ ሰው። እርሾ ከጫፉ ጥፍር የምታህል ቆርሶ አፉ ውስጥ አስገባ። ጣቱን አነሣ።

ቅርፊቱ ሲሰበር እሱ ብቻ ሰማው። ያን ድምፅ በራሱ አፍ ውስጥ ከሰማው ዓመት አልፎታል። በቀኝ በኩል አኘከ። አልቸኮለም። ከመንጋጋው ሥር ጨውና ጣፋጭ ነገር አብረው መጡ፤ በደንብ የተጋገረ ቅርፊት ብቻ የሚሰጠው፣ ከተቃጠለ ስኳር ትንሽ የሚያንስ ምሬት ተከተለ። አገጩን ዝቅ አደረገና ዋጠ።

አንዲት ፍርፋሪ ቀረች። መሐል መንገድ ላይ ቆማ ነካችው። ሳል ያዘው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጡት ሰዎች ዞሩ። መዶሻ ጀርባውን ሊመታ ያን መዳፉን አነሣ፤ ሚዛን ብድግ አለ።

የእርሾ ጣት አልወረደም።

የመዶሻ መዳፍ አየር ላይ ቀረ። እርሾ ባለሙያዋ እንዳለችው ሳሉን አልታገለውም። ሳል ዘበኛ ነው ብላዋለች፤ የሚያሳፍረው የሚስል ሰው ሳይሆን ዘበኛው የተኛበት ሰው ነው። ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ አገጩን ወደ ደረቱ አደረገ፣ ዋጠ። ባዶውን ዋጠ። በአፍንጫው ረጅም አየር ሳበ። ከመስኮቱ ሥር ያሉት ሰዎች ወደ ሻያቸው ተመለሱ። ለእነሱ አንድ ሽማግሌ ስሎ ጨረሰ፣ በቃ።

ጣቱን አወረደ።

«ምነው ዝም አላችሁ? ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» አለ በተሰነጠቀ ድምፅ።

መዶሻ በእጅጌው አፍንጫውን ጠረገ። እርሾ ሌላ ቆረሰ።

ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሦስቱ የየራሳቸውን ጨርሰው ጉርሻውን በዓይናቸው እየሸኙ ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ባንኮኒ ፊቷን አዞረች፤ ሆን ብላ ነው። ሚዛንን ሊጡ ላይ ያን ሁሉ ወተት ማን ጨምር እንዳለው ጠየቀችው። ሚዛን ወተቱ ልክ ነበር፤ ያበላሸው የመዶሻ ዘይት ነው አለ። መዶሻ በበኩሉ ሚዛን የመዘነውን ዘይት ነው የጨመርኩት አለ። ክርክሩ ተቀጣጠለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ እናንተ ደግሞ ለሌባ በሚመች ሰዓት ጋግራችሁ ምን ትጠብቃላችሁ አለች ባንኮኒ፤ አብራ መጋገሯን ረስታ። ማንም ወደ እርሾ አይመለከትም። እሱም በዚያ ጫጫታ መሐል ጣቱን አንሥቶ ያኝካል፤ መሣቅ ሲያምረው ማኘኩን ያቆማል፣ ሣቁ ሲያልፍ ይቀጥላል።

ልጅቷ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ እየገለበጠች አጠገባቸው ደረሰች። መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆመች።

«ልንዘጋ ነበር…»

«ልጄ» አለች ባንኮኒ፣ «እኛ ዳቦ ቤት ውስጥ ነው ያረጀነው። አንቺ ከወዲያ በኩል ጥረጊ፤ እዚህ ስትደርሺ እንነሣለን። ደግሞ ማዕዘኑን አደራሽን፤ ዱቄት እዚያ ነው የሚደበቀው።»

ልጅቷ ሣቀችና ወዲያ በኩል ሄደች።

«እሺ፣ ዳቦው እንዴት ነው?» አለ ሚዛን፤ ከተቀመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን ወንበሩ ላይ አሳርፎ።

እርሾ ሻዩን በማንኪያ ቀመሰ። «ጨው አንሶታል። ምድጃ ላይ ያለው ሰው ግን ሥራውን ያውቃል።»

ሳህኑ ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ ቁራሽ ነበረች። እሷን አፉ ውስጥ አድርጎ ስልኩን አወጣና የሚስቱን ቁጥር ነካ። እስክታነሣ ጉርሻው የሚያልቅ መስሎት ነበር። ስልኩን እጇ ላይ ይዛ ኖሮ ገና ሳይጠራ አነሣችው።

«ሃሎ? በላህ?»

እርሾ ማኘኩን ቀጠለ።

«ሃሎ? ምን ሆንክ? ለምን አትናገርም?»

ባንኮኒ ልትናገርለት እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። እርሾ ስልኩን ወደ ራሱ ሳበው። አልፈጠነም። አገጩን ዝቅ አድርጎ ዋጠ፤ ባዶውን ደገመ። በስልኩ በኩል የሚስቱ ትንፋሽ ይሰማል፤ አንድ ጊዜ ስሙን ጠርታለች። እሱ አየር ሳበ።

«አፌ ሙሉ ነበር» አላት።

«ምን በልተህ?»

«ዳቦ። ከነቅርፊቱ። እሑድ ለእኔ ለብቻዬ እንዳትሠሪ።»

«ሥጋውን ላድቅቀው?» አለችው።

«እንዳታደቅቂው። ለእንግዶቹ ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ እኔ ስበላ እቆያለሁ።»

«ይጠብቃሉ» አለች ሚስቱ።